ጓጉንቸሯን ከማመናችሁ በፊት አድራሻውን አንብቡ

መገናኛ አካባቢ ባለችው ሱቄ ስልክና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ስልካቸውን ይዘው መጡ። በቴሌግራም የደረሳቸውን ሊንክ ከፍተው፣ የባንካቸውን ገጽ በሚመስል ገጽ ላይ የይለፍ ቃላቸውን አስገብተዋል። ማታውኑ ከሂሳባቸው ገንዘብ ወጣ። «ልጄ፣ ጓጉንቸሯ እኮ ነበረች!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ከድረ ገጹ አድራሻ ጎን የምትታየው የጓጉንቸር ምልክት ነበረች።

ጓጉንቸሯ የምትነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከስልካችሁ እስከ ገጹ የሚሄደው ሁሉ ተመስጥሯል፣ በካፌው ዋይፋይ ላይ ያለ ሌላ ሰው ሊያነበው አይችልም። ወዲያኛው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ባንክ ይሁን ሌባ ግን አትናገርም። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው አገልግሎት ከ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሰርተፍኬት፣ ማለትም ጓጉንቸሯን የሚያስገኘውን የድረ ገጽ ማረጋገጫ፣ በነጻ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰጣል። የሚያጣራው አድራሻው በእጃችሁ መሆኑን ብቻ ነው። ለሐቀኛ ድረ ገጾች ትልቅ ውለታ ነው፤ ሌባም ግን ይጠቀምበታል። ጉግል በ2023 እ.ኤ.አ. ክሮም ከተባለው የድረ ገጽ መክፈቻው ላይ ጓጉንቸሯን አንስቶ በሁለት መስመርና በሁለት ክብ የተካበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሰው «ገጹ ታማኝ ነው» ብሎ ይረዳት ነበር። ስለዚህ ክሮም ላይ ብታጧት አትደንግጡ።

ዓይናችሁን አድራሻው ላይ አሳርፉ። እኛ ስም ስንጽፍ ልጅ፣ አባት፣ አያት እያልን ነው፤ የድረ ገጽ አድራሻም እንደዚያው ነው። ከስሙ በኋላ የምትመጣውን የመጀመሪያዋን ስላሽ (/) ፈልጉና ከእሷ ወደ ግራ እየተመለሳችሁ አንብቡ። «ኮም» ወይም «ኮም ነጥብ ኢቲ» ከሚለው በፊት ያለው ቃል የባለቤቱ ነው። በመምህሩ ስልክ ላይ የባንኩ ስም ከፊት ነበር፤ ቀጥሎ ነጥብ፣ «ሽልማት»፣ ነጥብ፣ «ኮም» ይላል። ገጹ የ«ሽልማት» ልጅ እንጂ የባንኩ አልነበረም። ከፊት ያለውን ስም ማንም እንደፈለገ ያወጣዋል።

ሰርተፍኬቱን ራሱን ማየት ከፈለጋችሁ ከአድራሻው በስተግራ ያለችውን ምልክት ተጫኑ፣ ስለ ግንኙነቱ ደህንነት የሚለውን ክፈቱ፣ ከዚያ ሰርተፍኬቱን። ለማን እንደተሰጠ፣ ማን እንደሰጠውና መቼ እንደሚያበቃ ተጽፏል። የድርጅት ስም ከሌለው ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰርተፍኬቶች አድራሻውን ብቻ ይይዛሉ።

ሱቄ በብዛት የሚመጣው ችግር ግን ሌላ ነው። «ባንኩ አልከፍት አለኝ፣ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያመጣል» ይሉኛል። መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልተውት ይሆናል፤ ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ስለሆነ 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ይቀራል። የአንድ ሰርተፍኬት ዕድሜ ደግሞ አጭር ነው፤ ከአንድ ዓመት ብዙም አያልፍም። በዚያ ስልክ ዓይን የባንኩ ሰርተፍኬት ገና አልተወለደም። ቅንብር ገብታችሁ ቀንና ሰዓቱን «ራስ-ሰር» አድርጉት፤ ይስተካከላል። ቀኑ ልክ ሆኖም ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ «ቀጥል» የሚለውን በፍጹም አትጫኑ። ባንክ ላይ እንዲህ ያለ ድፍረት አያስፈልግም፤ ገጹን ዝጉና ወደ ባንኩ ደውሉ።

የይለፍ ቃሉን አስገብታችሁ ከሆነም ሳትውሉ ሳታድሩ ደውሉና ሂሳቡን አሳግዱ። ስልክ ቁጥሩን ከባንክ ደብተራችሁ ወይም ከቅርንጫፉ ውሰዱ እንጂ ከመልእክቱ ላይ አትውሰዱ። በኤስኤምኤስ የመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ለሚደውል ሰው አትንገሩ፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢልም።

መምህሩ ቅርንጫፋቸው ሄደው ትክክለኛውን አድራሻ አስጽፈው አመጡ። ፊደል በፊደል ራሳቸው ጻፉት፣ እኔም ሁልጊዜ ከዚያ እንዲከፍቱት እዚያው ስልካቸው ላይ ዕልባት አድርጌ አስቀመጥሁላቸው። ወረቀቷን በባንክ ደብተራቸው ሽፋን ውስጥ ለጥፈዋታል።