ከደሴ ወደ ካምፕ፦ ለመጀመሪያ ዓመት ዕጩ መኮንን የስድስት ሳምንት ዝግጅት

የደሴ ልጅ ለዕጩ መኮንንነት ሲጠራ መጀመሪያ የሚያደርገው ይታወቃል፤ ማለዳ ተነስቶ የጦሳን ተራራ መውጣት። ክፋት የለውም፤ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላደገ ሰው ትንፋሽ ዋናው ችግሩ አይደለም። ካምፕ ከገባ በኋላ ከሰልፍ የሚያስቀረው እግሩ፣ ቅልጥሙና የእንቅልፍ እጦት ነው። ስድስቱን ሳምንት እነዚህ ላይ አውሉት።

ዱብዱብ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀን እየዘለሉ፣ ይበቃል። በ2 ኪሎ ሜትር ጀምሩና በየሳምንቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ጨምሩ። ጦሳን ከወጣችሁ ቁልቁለቱን እየተራመዳችሁ ውረዱ፤ ቅልጥምን የሚጎዳው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁል ሩጫው ነው። የቅልጥም ሕመም ረዘም ብሎ ከላይ እስከ ታች ከተሰማ እረፍት ያሽለዋል። በጣት ሲጫኑት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነጥሎ የሚያም ከሆነ ግን አጥንቱ መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል ሩጫውን አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የተመደባችሁት ድሬዳዋ አጠገብ እንዳለው ሁርሶ ያለ ቆላ ከሆነ ደግሞ ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ባቲ ወይም ከሚሴ ዘመድ ያለው የመጨረሻውን ሁለት ሳምንት እዚያ ሰንብቶ ቢሮጥ ከሌሎቹ ቀድሞ ይላመዳል።

አሁን ወደ ጫማው። ከስክስ ጫማ ካምፕ ውስጥ ቢሰጥም እግርን አስቀድሞ ማለማመድ ይቻላል፤ ያገለገለ ከስክስ ከገበያ ፈልጉ። የምትለኩት ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ እግር ሲውል ያብጣልና ጠዋት ልክ የነበረው ማታ ያጠብቃል። ስትለኩም ካምፕ የምታደርጉትን ወፍራም ካልሲ አድርጉ። ማሰሪያው ከመጥበቁ በፊት ጣታችሁን ወደ ፊት ገፍታችሁ ከተረከዛችሁ ጀርባ አንድ የእጅ ጣት መግባት አለበት። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ቤት ውስጥ፣ ከዚያ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እየጨመራችሁ ተራመዱበት። ሩጫ በከስክስ ከአራተኛው ሳምንት በፊት አይሞከርም።

እግር ውሃ የሚቋጥረው ቆዳ ሲረጥብና ሲፋተግ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ስለዚህ ከታች ስስ ካልሲ፣ ከላይ ወፍራም ደርቡ፤ መፋተጉ በሁለቱ ካልሲዎች መካከል ይቀራል። ምሳ ሰዓት ላይ ካልሲውን ለውጡ፣ በጣቶቻችሁ መካከል አድርቁ። የተቋጠረው ትንሽ ከሆነ አትንኩት። ትልቅ ሆኖ መራመድ ከከለከለ በሳሙና አጥባችሁ፣ በአልኮል በተጠረገ መርፌ ከጠርዙ ወጋ አድርጋችሁ ውሃውን አፍስሱ፤ ቆዳውን ግን አትላጡት፤ ከራሱ የተሻለ ፋሻ የለም። ላዩን በንጹሕ ፋሻ ሸፍኑ። ዙሪያው ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም መግል ከያዘ ወደ ክሊኒክ። «ወንድ ልጅ እግሬን አመመኝ አይልም» ብሎ ዝም ያለ ሰው በሳምንቱ አልጋ ላይ ነው።

ቡናው ቀላል አይምሰላችሁ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ያደገ ሰው ካምፕ ገብቶ ቡናው በአንዴ ሲቋረጥ በመጀመሪያው ቀን ራስ ምታት ይጀምረዋል፤ በሁለተኛው ቀን ይብሳል፣ አንዳንዱን ሳምንት ያህል ይቆይበታል። ያ ሳምንት ደግሞ ከንጋቱ 11 ሰዓት የሚነሱበት ነው። ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ በየአራት ቀኑ አንድ ሲኒ ቀንሱ። ጫት የሚቅም ከወር በፊት ያቁም፤ ሲቆም እንቅልፉ ይዛባል፣ ድብርትም ይመጣል፤ እሱን ቤት ጨርሶ መሄድ ነው። የሽኝት ወዳጃ (የዱዓ ስብስብ) ከተዘጋጀላችሁ ዱዓውን ተቀብላችሁ በጊዜ ተኙ፤ አባቶች አይቀየሙም፣ አብሽር ብለው ይሸኟችኋል።

ሰልፍ ላይ የሚወድቁት ደካሞች ብቻ አይደሉም። «ተጠንቀቅ» ሲባል ጉልበቱን እንደ ብረት ቆልፎ የቆመ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ይከማችና አንጎሉ ጋ የሚደርሰው ያንሳል። ጉልበታችሁን ለዓይን በማይታይ ልክ ላላ አድርጉ፣ የእግር ጣቶቻችሁን ጫማው ውስጥ አንቀሳቅሱ፣ ባታችሁን ጠበቅ ለቀቅ አድርጉ። ዓይን ሲጨልም ጆሮም ጭው ሲል ተንበርከኩ፤ የአሠልጣኙ ቁጣ በግንባር ተደፍቶ ከመውደቅ ይሻላል። ሌላው የጀማሪ ስሕተት ቀኝ እጅንና ቀኝ እግርን አብሮ መወርወር ነው። የሚመጣው ስለ እጅ ሲያስቡ ነው፤ እጁን ትታችሁ ተረከዛችሁ መሬት ሲነካ ብቻ «ግራ፣ ቀኝ» እያላችሁ ቁጠሩ።

ማዕረግ ቤት ሆናችሁ አጥኑ። ስሞቹ ራሳቸው ይናገራሉ፦ አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፤ ሻለቃም «ሺ አለቃ» ነው። የሚያደናግረው ሻምበልና ሻለቃ የሰውም የጦር ክፍልም ስም መሆናቸው ነው፤ «ሻምበሉ ተሰልፏል» ሲባል አንድ ሰው ሳይሆን ክፍሉ በሙሉ ነው። ሻለቃ ባሻን «ሻለቃ» ብሎ ማሳጠርም አይሆንም፤ የመጀመሪያው ባለሌላ ማዕረግተኛ (ከመኮንን በታች ያለ)፣ ሁለተኛው መኮንን ነው።

ሻንጣው ትንሽ ይሁን፦ ስድስት ጥንድ ካልሲ፣ ሁለት ጓጉንቸር ቁልፍ፣ ጥፍር መቁረጫ፣ ነጠላ ጫማ፣ መርፌና አረንጓዴ ክር። ልብሱ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ እያንዳንዱ ላይ ከውስጥ በኩል ምልክት ስፉበት፤ በቢክ የተጻፈ በሁለተኛው እጥበት ይጠፋል። እናት የምትቋጥረውን በሶና ዳቦ ቆሎ ግማሹን አስቀሩት። ማደሪያ ውስጥ ምግብ ማስቀመጥ ከተከለከለ ይወሰዳል፤ ካልተከለከለም አይጥ ይጠራል። ለማንኛውም የመጀመሪያው ማታ ለጓዶቻችሁ አካፍላችሁ ጨርሱት።

ትምህርቱ ከሥልጠናው ጎን ይሄዳል፤ ደክሞ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ኋላ ቆሞ ለመከታተል ፍቃድ መጠየቅ ነውር የለውም። ማታ ማታ 20 ደቂቃ የቀኑን ማስታወሻ በእጅ ገልብጡ፤ ሁሉን ለእሑድ አታቆዩት።

ስልክ ሊሰበሰብ ይችላል። የቤተሰብ ቁጥር በወረቀት ጻፉ፤ እናትንም «ድምፄ ሳምንታት ቢጠፋ ደህና ነኝ ማለት ነው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯት። የጥሪ ወረቀቱንና የትምህርት ማስረጃውን ዋናውንም ኮፒውንም ያዙ። አዲስ አበባ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ አልፋችሁ የምትሄዱ ከሆነ የሪፖርት ቀን ሳይሆን ከሁለት ቀን በፊት ተነሱ።