ከጎንደር ከሩቅ አገር ሰው ጋር ቀጠሮ ሲያዝ፦ ሰዓትና ቀን ሳያሳስቱ መለወጥ

«ነገ በ9 ሰዓት ደውሉልኝ» የሚል መልእክት ከሜሪላንድ ወደ ጎንደር ቢመጣ ሦስት የተለያየ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ላኪው በፈረንጅ አቆጣጠር የራሱን ጠዋት ማለቱ ከሆነ፣ ጎንደር ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። በሀበሻ አቆጣጠር የራሱን ከሰዓት በኋላ ማለቱ ከሆነ፣ ጎንደር ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል። የጎንደርን ከቀኑ 9 ሰዓት ማለቱ ከሆነ ደግሞ ደዋዩ ስልኩን ሲያነሳ እዚያ ገና በፈረንጅ ማለዳ 08፡00 ነው። (ይህ ስሌት አሜሪካ ሰዓቷን በጨመረችባቸው፣ ማለትም በአንድ ሰዓት ወደፊት በገፋችባቸው ወራት የሚሠራ ነው፤ ስለ ለውጡ ዝቅ ብለን እንመጣበታለን።)

ስለዚህ ከመደመርና ከመቀነስ በፊት ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ የማን ከተማ ሰዓት ነው? በሀበሻ ነው ወይስ በፈረንጅ? «በእናንተ ነው በእኛ?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ የመጀመሪያውን ብቻ ይመልሳል። ውጭ አገር ብዙ ዓመት የኖረ ሰው አማርኛ እየተናገረም «7 ሰዓት ላይ ሥራ እገባለሁ» ሲል የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ አዲስ የሄደው ግን ገና በሀበሻ ሊሆን ይችላል። ሳይጠይቁ መገመት አያዋጣም።

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» ተብሎ «ሰዓት» ሲከተለው በሀበሻ ነው። እንደ 20፡30 በአራት አኃዝ የተጻፈው ደግሞ በፈረንጅ፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር። በመልእክቶቻችሁም ይህን ልዩነት ብትጠብቁ ግማሹ ችግር ይቀራል።

ዋናው ስሌት አራት እርምጃ ነው፤ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ።

መጀመሪያ የጎንደርን ሰዓት ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር አምጡ። ቀን ከሆነ 6 ጨምሩ፦ ከቀኑ 8 ሰዓት 14፡00 ነው። (ከጠዋቱ 12 ሰዓት ብቻ ለየት ይላል፤ እሱ 06፡00 ነው፣ ከምሽቱ 12 ደግሞ 18፡00።) ከምሽቱ 1 እስከ 5፡59 ከሆነ 18 ጨምሩ፦ ከምሽቱ 2፡30 ሰዓት 20፡30 ይሆናል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ 6 ቀንሱ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር እዚህ ላይ ቀኑም ተቀይሯል። ሁለተኛ፣ 3 ቀንሱ፤ ያገኛችሁት ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ዩቲሲ ነው። ሦስተኛ፣ የምትፈልጉት ከተማ ከዩቲሲ የሚቀድምበትን ጨምሩ ወይም የሚዘገይበትን ቀንሱ። አራተኛ፣ ውጤቱ ከ0 ካነሰ 24 ጨምሩና ቀኑን አንድ ወደ ኋላ መልሱ፤ 24 ከደረሰ ወይም ካለፈ 24 ቀንሱና ቀኑን አንድ ወደፊት ውሰዱ።

በምሳሌ፦ ሐሙስ ከምሽቱ 2፡30 ሰዓት ጎንደር ላይ 20፡30 ነው፤ ዩቲሲ 17፡30። የጎንደር እህት ከተማ ኮርቫሊስ፣ ኦሪገን፣ በሰኔ ወር ከዩቲሲ 7 ሰዓት ትዘገያለች፤ እዚያ ሐሙስ ጠዋት 10፡30 ነው። ተገላቢጦሹ ላይ ጥንቃቄ ይበዛል። ኮርቫሊስ ያለው ሰው ሐሙስ 18፡00 ላይ እንገናኝ ካለ፣ 18 ሲደመር 7፣ 25 ይሆናል፤ ማለትም ዓርብ 01፡00 ዩቲሲ። ሦስት ሲጨመርበት ጎንደር ላይ ዓርብ 04፡00፣ በእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት። ይህን ሰዓት «ሐሙስ ሌሊት» ብሎ መጻፍ አደጋ ነው፤ አንዱ ሐሙስ የሚነጋበትን፣ ሌላው ሐሙስ የመሸበትን ሌሊት ይረዳበታል። «ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት» ካላችሁ ማንም አይሳሳትም። ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋት ባለው ጊዜ የሚውል ቀጠሮ ሁሉ «ለ… አጥቢያ» ተብሎ ይጻፍ።

የየከተማው ልዩነት ከዩቲሲ ሲቆጠር የመጀመሪያው ቁጥር የመደበኛው፣ ሁለተኛው ሰዓት ሲጨመር ያለው ነው፦
ሜሪላንድ፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኒውዮርክ፦ 5 ወይም 4 ኋላ
ሚኒሶታ፣ ቺካጎ፣ ዳላስ፦ 6 ወይም 5 ኋላ
ኮርቫሊስ፣ ሲያትል፣ ሎስ አንጀለስ፦ 8 ወይም 7 ኋላ
ለንደን፦ እኩል ወይም 1 ፊት
ጀርመን፣ ስዊድን፣ ጣሊያን፦ 1 ወይም 2 ፊት
እስራኤል፦ 2 ወይም 3 ፊት
ሜልቦርን፣ ሲድኒ፦ 10 ወይም 11 ፊት
ሪያድ 3፣ ዱባይ 4፣ ሕንድ 5 ሰዓት ተኩል፣ ቻይና 8 ፊት፤ እነዚህ አይቀየሩም።

ሕንድን ልብ በሉ፤ ግማሽ ሰዓት የሚዘነጋው እሷ ላይ ነው። ከእኛ የምትቀድመው በ2 ሰዓት ተኩል ነው።

ከአሜሪካ ጋር ብዙ ለሚነጋገር ሰው አቋራጭ አለ። ሜሪላንድ ሰዓቷን በጨመረችባቸው ወራት ከጎንደር በ7 ሰዓት ትዘገያለች፤ ከሰባቱ ውስጥ ስድስቱን የሀበሻና የፈረንጅ አቆጣጠር ልዩነት ይበላዋል። የሚቀረው 1 ነው። በጎንደር የሀበሻ ሰዓት ላይ 1 ቀንሱ፣ የሜሪላንድን የፈረንጅ ሰዓት ታገኛላችሁ፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት እዚያ ከሰዓት በኋላ 2፡00 ነው። ሰዓቱ ሲመለስ 2 ቀንሱ። ለሚኒሶታ 2 ወይም 3፣ ለኮርቫሊስ 4 ወይም 5 ነው። የእኛ ቀን እነሱ ዘንድ ኤኤም፣ የእኛ ማታ ፒኤም ይሆናል፤ ቅነሳው ከ12 ወዲያ ካሻገራችሁ ግን ይገለበጣል። ጥምቀት ጥር 11 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የፋሲልን ጥምቀተ ባሕር በቪዲዮ ለሜሪላንድ ዘመድ ማሳየት የፈለገ ሰው፣ ከ1 ላይ 2 ሲቀንስ 11 ላይ ይወድቃል፤ የዋዜማው ማታ 11፡00 ፒኤም ነው። «ጃንዋሪ 19 ጠብቂኝ» ቢላት ባዶ ስልክ ትጠብቃለች። መባል ያለበት «ጃንዋሪ 18 ማታ» ነው።

ዓመቱን ሙሉ ከምንም በላይ የሚያስቸግረው የእኛ ሰዓት ሳይነቃነቅ የሌሎቹ መቀየሩ ነው፤ እነሱም በአንድ ቀን አይቀይሩም። አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሑድ ትጨምራለች፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ትመልሳለች፤ አሪዞና አብዛኛዋና ሃዋይ አይቀይሩም። አውሮፓ ከማርች የመጨረሻ እሑድ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው። እስራኤል ከማርች የመጨረሻ እሑድ በፊት ባለው ዓርብ ጀምራ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ትመልሳለች። ሜልቦርንና ሲድኒ ተቃራኒ ናቸው፤ በኦክቶበር የመጀመሪያ እሑድ ይጨምራሉ፣ በኤፕሪል የመጀመሪያ እሑድ ይመልሳሉ። ብሪዝበንና ፐርዝ አይነኩትም። በእኛ ቀን ሲሰላ በ2018 ዓ.ም. አሜሪካ የካቲት 29፣ እስራኤል መጋቢት 18፣ አውሮፓ መጋቢት 20፣ ሜልቦርን መጋቢት 27 ይቀይራሉ። በ2019 ዓ.ም. መጀመሪያ ሜልቦርን መስከረም 24፣ አውሮፓና እስራኤል ጥቅምት 15፣ አሜሪካ ጥቅምት 22። በእነዚህ ቀናት መካከል ባሉት ሳምንታት ባለፈው ወር የሠራ ልዩነት አይሠራም፤ በተለይ ሦስት አገር ያለበት ስብሰባ ካለ እንደ አዲስ ይሰላ።

የተሻለውን ሰዓት መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የጎንደር መሥሪያ ቤት ከቀኑ 11፡30 ላይ ይዘጋል፤ የሜሪላንዱ በፈረንጅ 09፡00 ላይ ይከፈታል። የጋራ የሥራ ሰዓታቸው አሜሪካ ሰዓት በጨመረችባቸው ወራት ከቀኑ 10 እስከ 11፡30፣ በቀሩት ወራት ከ11 እስከ 11፡30 ብቻ ነው። ለግማሽ ሰዓት ስብሰባ ብቻ የምትበቃ መስኮት ስለሆነች የውስጥ ጉዳይ አታስገቡባት። ከኮርቫሊስ ጋር የጋራ የሥራ ሰዓት የለም። እነሱ ማታ 20፡00 ሲሉ እኛ ዘንድ በማግስቱ ከጠዋቱ 12 (በመደበኛው ጊዜ 1) ሰዓት ነው፤ ከእኩለ ሌሊት ስብሰባ ይህኛው ለሁለቱም ወገን ይሻላል።

ሜሪላንድ፣ እስራኤል ውስጥ ሪሾን ለጽዮን ከተማና ሜልቦርን ያለ ዘመድ አንድ ላይ ለማገናኘት ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ጥሩው ሰዓት ጎንደር ላይ ከቀኑ 8 ነው፦ ሜሪላንድ 07፡00፣ እስራኤል 14፡00፣ ሜልቦርን 21፡00። ከኅዳር እስከ የካቲት አጋማሽ ግን በሜሪላንድና በሜልቦርን መካከል ያለው ርቀት ከ14 ወደ 16 ሰዓት ስለሚሰፋ አንዱ ወገን መቸገሩ አይቀርም፤ በዚያው ሰዓት ሜሪላንድ 06፡00፣ ሜልቦርን 22፡00 ይሆናል። ሸክሙን በየተራ መቀባበል ፍትሐዊ ነው። ከእስራኤል ጋር ሰዓቱ ቅርብ ቢሆንም ቀኑን እዩ። ሰንበታቸው ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ገብቶ ቅዳሜ ማታ ይወጣል፤ ሰንበትን የሚያከብር ሰው በዚያ መካከል ስልክ አያነሳም። እሑድ ደግሞ ለእነሱ የሥራ ቀን፣ ለእኛ የቅዳሴ ጠዋት ነው። ለቤተሰብ ወሬ ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይመቻል።

ስልካችሁ በሀበሻ ሰዓት እንዲያሳይ ብላችሁ ሰዓቱን በእጅ ወደ ኋላ አታዙሩት። ስልኩ በ6 ሰዓት ተሳስቷል ማለት ነው፤ የ20፡30 ስብሰባ ማስታወሻ የሚጮኸው ከሌሊቱ 8፡30 ሰዓት ላይ ይሆናል። ቀንና ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርጉ፤ ከተማ ምረጡ ካለ አዲስ አበባ፣ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ከሆነ ናይሮቢን። የሀበሻውን ሰዓት ማየት ከፈለጋችሁ በስልኩ የዓለም ሰዓት ዝርዝር ላይ ሳኦ ፖሎን ጨምሩ። ከእኛ በትክክል 6 ሰዓት ትዘገያለች፤ ብራዚልም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዓት መቀየር አቁማለች። በ12 ሰዓት አቆጣጠር ስታሳይ ኤኤም የእኛ ቀን፣ ፒኤም የእኛ ማታ ነው።

በደብዳቤና በማስታወቂያ ላይ ያሉ ምህጻረ ቃላትም ያሳስታሉ። «ኢኤስቲ» በትክክሉ የአሜሪካ ምሥራቅ መደበኛ ሰዓት ነው፤ ብዙዎች ግን ሰዓት በተጨመረበት ወርም በልማድ ይጽፉታል። በጁላይ ካያችሁት ላኪውን ጠይቁ። «አይኤስቲ» የእስራኤልም የሕንድም፣ «ሲኤስቲ» የቺካጎም የቻይናም ነው። ለጥናት ጉባኤ ጽሑፍ የሚልኩ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚያጋጥማቸው «ኤኦኢ» ደግሞ በምድር ላይ የመጨረሻው የሰዓት ቀጠና፣ ከዩቲሲ 12 ሰዓት ኋላ ነው፤ 23፡59 ኤኦኢ የሚል ቀነ ገደብ ጎንደር ላይ በማግስቱ ከቀኑ 8፡59 ሰዓት ነው። ቀኑ ላይም እንደዚሁ፦ አሜሪካዊ 5/6 ብሎ ሲጽፍ ሜይ 6 ነው፣ ሚያዝያ 28። የፈረንጁን ወር በአማርኛ የወር ስም አትጥሩት፤ «ግንቦት 12» ስትሉ ሜይ 12 ነው ብሎ የሚያስብ አለ፣ በመካከላቸው ግን 8 ቀን አለ።

የሚላከው መልእክት እንዲህ ይሁን፦ «እሑድ ግንቦት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሜይ 17። ጎንደር ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ሜሪላንድ 07፡00 ኤኤም፣ ሪሾን ለጽዮን 14፡00፣ ሜልቦርን 21፡00። ሁሉም ዘንድ ቀኑ እሑድ ነው።» የቀኑ ስም፣ ሁለቱም ቀን፣ የየከተማው ሰዓት። ተቀባዩ ምንም ማስላት የለበትም።

በየሳምንቱ የሚደጋገም ስብሰባ ከሆነ ደግሞ የማን ከተማ ሰዓት እንደማይነቃነቅ መጀመሪያ ተስማሙ። የካሌንደር ግብዣውን የሜሪላንዱ ሰው በራሱ ሰዓት ከፈጠረው፣ ጥቅምት 22 ላይ ሰዓታቸው ሲመለስ የጎንደሩ ስብሰባ ሳይታወቅ ከቀኑ 10 ወደ 11 ሰዓት ይገፋል። ጎንደሬው ሰዓቱን ማንቀሳቀስ የማይችል ከሆነ ግብዣውን እሱ በአዲስ አበባ ሰዓት ይፍጠር፤ ያን ጊዜ የሚቀየረው የሜሪላንዱ ነው፣ ከ9፡00 ወደ 8፡00።