ሙስታንግ ከማፍጠንዎ በፊት ያስቁሙት

አሮጌ የአሜሪካ መኪና ይዞ ፒያሳ ወደምሠራበት ጋራዥ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ቀለም፣ ቀጥሎ ስለ ጉልበት ነው። ስለ ፍሬን የሚጠይቅ ብዙም አይገጥመኝም። የእኔ ቅደም ተከተል ሌላ ነው፤ መኪናው አይበስብስ፣ ሲረግጡት ይቁም፣ ዳገት ላይ አይፍላ። የቀረው ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. የ1965 ፎርድ ሙስታንግን ምሳሌ ላድርግ።

መለዋወጫ ከማዘዝዎ በፊት ፋብሪካው አካሉ ላይ የቀረጸውን የመኪናውን መለያ ቁጥር (ሰሌዳውን አይደለም) ያንብቡ። መነሻው 5 ከሆነ የ1965 ሞዴል ነው፤ አምስተኛው ምልክት ሞተሩን ይነግርዎታል። «ሲ» ባለ ስምንት ሲሊንደር 4.7 ሊትር ሲሆን «ቲ» ባለ ስድስት ነው። ባለ ስድስቱ ጎማው በአራት ብሎን፣ ባለ ስምንቱ በአምስት ይታሰራል፤ ስለዚህ «ሙስታንግ ነው» ብሎ ማዘዝ አይበቃም።

ከዚያ ማግኔት ይዘው አካሉን ይዙሩት። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ፣ ማለትም ቀዳዳ መሙያ ልስን ነው። ከፊት መስተዋቱ ሥር ባለው የአየር ማስገቢያ ወንፊት ላይ አንድ ጆግ ውኃ ያፍስሱና የውስጡን ወለል ይዳብሱ። ከረጠበ ከወንፊቱ በታች ያለው ላሜራ ተበልቷል ማለት ነው። የዚህ መኪና የታወቀ ሕመም ይህ ነው፤ የእኛ ክረምት ደግሞ አያዝንለትም። ወለሉን ብቻ ቀይሮ የላዩን ቀዳዳ የሚተው ሠራተኛ ካጋጠመዎት ሒሳቡን ከፍለው ያሰናብቱት። ሙስታንግ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ ጭነቱን የሚሸከመው ወለሉና አካሉ ራሱ ነው። ስለዚህ ወለሉ ከመቆረጡ በፊት በበሮቹ ክፍተት ውስጥ መወጠሪያ ብረት ይበየድ፤ አለዚያ ሥራው ሲያልቅ በሩ አይገጥምም።

ፍሬኑ በጣም ያሳስበኛል። በ1965 ሞዴል ላይ የፊቱንም የኋላውንም ጎማ የሚያዘው አንድ ክፍል ብቻ ያለው ፍሬን ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ዕቃ) ነው። አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናውም አይቆምም። ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ፎርድ ራሱ ባለ ሁለት ክፍል አድርጎታል፤ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። የፊቱን ታምቡር ፍሬን በዲስክ ፍሬን ይለውጡ፣ የኋላው ቀድሞ እንዳይታሰር ግፊቱን የሚመጥን ቫልቭ ያስገቡ። አንዳንዱ ዲስክ በ14 ኢንች ቸርኬ ውስጥ ስለማይገባ ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ። ግቢ ውስጥ ደጋግመው ከፈተሹት በኋላ እሑድ ማለዳ ከማዘጋጃ ቤቱ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ። ሲመለሱ ዓይንዎ የሙቀት መለኪያው ላይ ይሁን።

ለምን ቢሉ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ከተማችን ክፍት ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዝ ከሆነ ግን ከ110 በላይ ይታገሣል። ላስቲኩ የደረቀ ርካሽ ክዳን ስንት ሞተር አስወርዷል! ባለ 13 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አዲስ ክዳንና በ82 ዲግሪ ውኃውን ወደ ራዲያተሩ የሚከፍት ቴርሞስታት ይግጠሙ።

ጉልበትን በተመለከተ እውነቱን ልናገር። ፋብሪካው 200 የፈረስ ጉልበት አለው ያለው ሞተር፣ አየሩ በሳሳበት በዚህ ከፍታ ሩብ ያህሉን ያጣል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል። ጄቱን (ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ ቀዳዳ) ሦስት አራት ቁጥር ዝቅ ማድረግ ብዙ ይረዳል። ገንዘብ ካለ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ ይግጠሙ፤ ወደ አዳማ ሲወርዱም ወደ እንጦጦ ሲወጡም ራሱን ያስተካክላል። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ከወረደ ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ ያስገቡ፤ የድሮው ሞተር የተሠራው እርሳስ ላለበት ቤንዚን ነበር። ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ አያመንቱ።

ኩሽኔታውን በላዩ በተቀረጸው ቁጥር መርካቶ ይፈልጉት፤ የመለዋወጫ ገበያውን ሶማሌ ተራን ሳይዞሩ ውጭ አይዘዙ። የሙስታንግ ዕቃ አሜሪካ ውስጥ ዛሬም በአዲስ መልክ ስለሚመረት ትንንሹን ዘመድ በሻንጣ ያመጣዋል። ወለልና መከላከያ ግን ለዘመድ የሚባል ነገር አይደለም።

ሞተሩን በሌላ ለመተካት ካሰቡ ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር እንዳለ ያስታውሱ። አሮጌውን ከማውረድዎ በፊት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ፤ የአዲሱን ሞተር የግዢ ደረሰኝም ያስቀምጡ።