መጠይቁን ከማረማችሁ በፊት ሲሞላ እዩት

ለዓመታት ሥራዬ ከድርጅቶች ተሞልተው የመጡ የጥናት ቅጾችን ማጽዳት፣ ማለትም ስህተታቸውን መልቀም ነበር። ባዶ የተተወ ሣጥን፣ ሦስት ዜሮ የጎደለው ሽያጭ፣ ከጠቅላላ ድምሩ የሚበልጥ ዝርዝር። "እነዚህ ሰዎች አያነቡም እንዴ?" እያልኩ እበሳጭ ነበር። በኋላ መጠይቁን አንተው አሻሽለው ተባልኩና፣ ከአንድ ድርጅት አካውንታንት አጠገብ ወንበር ስቤ ሲሞላ አየሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዎቹን መውቀስ ትቻለሁ።

ጥያቄው "በድርጅቱ ያሉ ሠራተኞች ብዛት" ይላል። አራት ቃል ነው። ሰውየው ፔይሮሉን፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ መዝገቡን ከፈተ፤ 143 ሰው አለ። "ጥበቃዎቹ ግን በኤጀንሲ ነው የሚከፈላቸው። ይቆጠራሉ?" አለኝ። ዝም አልኩ። ሰው ሀብት ክፍል ደወለ። እነሱ ጋ 151 ነው፤ ያለ ደመወዝ ፈቃድ የወጡትንም ይዘዋል። "የዛሬውን ነው የዓመቱን መጨረሻ?" ብለው ጠየቁት። እሱ ዞሮ እኔን አየኝ። በመጨረሻ 150 ብሎ ጻፈና ወደ ቀጣዩ አለፈ።

የሚያናድደው፣ ያ 150 እኛ ቢሮ ቢደርስ ማንም አይጠረጥረውም። ባዶ ሣጥን ቢያንስ ይጮኻል።

ስለዚህ ጥያቄዎቹን ቁጭ ብላችሁ ከማረማችሁ በፊት ሂዱና እዩ። ጥቂት ትልልቅና ጥቂት ትንንሽ ድርጅት ይበቃል። ወደ ቢሯችሁ አትጥሯቸው፤ መዝገቡ ያለው እነሱ ጋ ነው። ሰውየው የሚያስበውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ጠይቁት። አታግዙት። ይሄ ከባድ ነው፤ አፋችሁን ይበላችኋል። በየጥያቄው ሦስት ነገር ብቻ ያዙ፦ ቁጥሩ ከየትኛው መዝገብ መጣ፣ መዝገቡ ማን እጅ ነው፣ መቼ ይዘጋል።

ድርጅት ሳይሆን ቤት ለቤት ሰዎችን የሚጠይቅ የቤተሰብ ጥናት ሠርታችሁ የመጣችሁ ከሆነ እዚህ ላይ ልዩነት አለ። በጥናት ሙያ መልስ መስጠት በአራት ደረጃ ይከፈላል፦ መረዳት፣ ማስታወስ፣ ማመዛዘን፣ መመለስ። ድርጅት ላይ ግን ከሁሉም በፊት ሌላ ጥያቄ አለ። ነገሩ መጀመሪያውኑ ተመዝግቧል ወይ? ያልተመዘገበን ነገር ምንም ያህል አሳምራችሁ ብትጠይቁት መልሱ ግምት ነው።

ማስታወሻችሁን ይዛችሁ ስትመለሱ ጥያቄዎቹ ራሳቸው ይለያያሉ። መዝገቡ ላይ እንዳለ የሚገኘውን አትንኩት። በሌላ መልክ የሚገኝ ከሆነ መዝገቡ ባለው መልክ ጠይቁና ስሌቱን እናንተ ሥሩ። ጭራሽ የሌለውን አውጡት። በጣም ካስፈለገ "ግምት ነው" የሚል ምልክት ማድረጊያ አስቀምጡለት። እዚህ ጋ ከአለቆች ጋር መጣላት አይቀርም። እኔ አንድ ገጽ ሙሉ ጥያቄ ላወጣ ስል "ምናልባት አንድ ቀን ይጠቅመናል" ተባልኩ። ማን እንደተጠቀመበት ጠየቅሁ። መልስ የሰጠኝ የለም። ገጹ ግን ሳይወጣ ቀረ።

የሠራተኛውን ጥያቄ እንዲህ ቀየርኩት፦ "በዓመቱ የመጨረሻ ወር ፔይሮል ላይ ደመወዝ የተሠራላቸው ስንት ሰዎች ናቸው? ጊዜያዊ ሠራተኞችን ጨምሩ። በሌላ ድርጅት በኩል የሚከፈላቸውን አትጨምሩ።" የኤጀንሲዎቹን ከሥሩ ለብቻ ጠየቅሁ። ረዝሟል፤ ይርዘም። አጭር ጥያቄ ሁልጊዜ ቀላል ነው ያለው ማነው? የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮም በየወሩ ድርጅቶችን ሲጠይቅ እንዲሁ "ስንት ሠራተኛ አላችሁ" አይልም። የወሩን 12ኛ ቀን በያዘው የክፍያ ጊዜ የተከፈላቸውን ሰዎች ነው የሚጠይቀው። ፔይሮል የሚሠራ ሰው ያን ወዲያው ያገኘዋል።

ማብራሪያውን ሣጥኑ አጠገብ አድርጉት። መጨረሻ ላይ የተለጠፈውን የመመሪያ ገጽ ማንም አያነበውም። እኔም የሌላ ሰው ቅጽ ስሞላ አላነብም።

ገንዘብ ላይ ትልቁ ጣጣ "በሺህ ጻፉ" የምትለዋ ነች። 4,850 መጻፍ ያለበት ሰው መዝገቡ ላይ ያየውን 4,850,000 ይገለብጣል፤ ድርጅቱም በአንድ ሌሊት ሺህ እጥፍ ያድጋል። መዝገቡ ላይ እንዳለ ሙሉውን አስጽፉ። በኢንተርኔት የሚሞላ ከሆነ ቁጥሩን ካለፈው ዓመት ጋር አነጻጽሩ፤ ሺህ እጥፍ አካባቢ ከተራራቀ ጠይቁት። ጠይቁት እንጂ በሩን አትዝጉበት። ሲስተሙ አላሳልፍ ያለው ሰው የሚያልፍለትን ቁጥር ይፈጥራል። ያለፈውን ዓመት መልስም አስቀድማችሁ አታሳዩት፤ ብዙው ነካ አድርጎ ይመልሰዋል።

ሽያጩ ከቫት በፊት ይሁን በኋላ ሣጥኑ ላይ ተናገሩ። የሒሳብ ዓመቱ ከእናንተ ጋር ካልገጠመ የራሱን ይስጥ፤ "ከ… እስከ…" ብሎ ቀኑን ይጻፍ። ዜሮ እና ባዶ እንዳይምታቱ "የለም" የምትል ሣጥን ጨምሩ።

አንድ መጠይቅ አንድ ሰው ብቻ አይሞላውም። ስለዚህ በክፍል በክፍል አስቀምጡት፦ የሰው ሀብቱ አንድ ቦታ፣ የመጋዘኑ አንድ ቦታ። ያ አካውንታንት ቅጹን ኮፒ አድርጎ፣ የሚመለከታቸውን ቆርጦ በየቢሮው ሲልክ ነው ይሄ የገባኝ። በኢንተርኔት ከሆነም ሙሉውን ማተም ይቻል። ሰው ምን ምን እንደሚጠየቅ ሳያይ መጀመር አይወድም፤ አለቃውም ሳያየው አይፈርምም።

አዲሱ ሲያልቅ አሮጌውን ወዲያው አትጣሉት። ናሙናውን፣ ማለትም ለጥናቱ የተመረጡትን ድርጅቶች፣ በዕጣ ለሁለት ክፈሉና ለግማሹ አሮጌውን፣ ለግማሹ አዲሱን ላኩ። አለበለዚያ የሠራተኛው ቁጥር ሲቀንስ ድርጅቶቹ ሰው አባረው ይሁን ጥያቄው ተለውጦ መለየት አትችሉም።

አዲሱን ይዤ እዚያው አካውንታንት ጋ ተመለስኩ። 143 ጻፈ፣ ጥበቃዎቹን ከሥሩ ለብቻ አስገባ፣ ለማንም አልደወለም። ደስ አለኝ። ገጹን ገለጠና እርሳሱን አስቀመጠ።

"ይሄ 'ሌሎች ወጪዎች' የምትሉት ግን ምንድን ነው?"