ድሬ ዙሪያ የገጠር ትራንስፖርት ሲታቀድ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ድሬዳዋ ራሷ የአንድ የትራንስፖርት ውሳኔ ውጤት ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ሊገባ ነበር። ዳገቱ ግን ለሐዲድ አልመች አለ፤ ወጪውም ከበደ። ስለዚህ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ፣ በሜዳው አለፈና በ1895 ዓ.ም. ድሬ ደረሰ። ከዚያ በፊት ከዘይላ ወደብ የሚነሳው ሲራራ ነጋዴ ግመሉን እየነዳ በጀልዴሳ በኩል ነበር ወደ ሐረር የሚወጣው። ከባሕር የመጣ ዕቃ ቀረጥ የሚከፈልባት ጀልዴሳ ዛሬ ከድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች አንዷ ናት። መስመር መሳል እንዲህ ነው፤ አንዱን ያነሳል፣ ሌላውን ይጥላል።

ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች በቀበሌ ስብሰባም በቢሮ ዕቅድም የሚታዩ ናቸው። ድሬን ይዤ ባወራም ሐረር ዙሪያ ያለ ሰው የራሱን አያጣበትም።

መንገድ ከተሠራ መኪናው ራሱ ይመጣል ማለት

የስህተቶች ሁሉ አባት ይሄ ነው። ዕቅዱ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ ይልና እዚያው ላይ ያበቃል። ግሬደር ይመጣል፣ ይጠረጋል፣ ይመረቃል። ከዚያ ሰዉ በአዲሱ መንገድ ላይ በእግሩ ይሄዳል።

ለምን ቢባል የሹፌሩን ሒሳብ ማንም አልሠራውም። ጠዋት ሁሉም ሰው ወደ ከተማ ነው። ወተት የያዘችው፣ እንጨት ያሰረችው፣ ፍየል የሚጎትተው፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ከተማ የሚያድር ሹፌር ይህን ሰው ለመጫን በሌሊት ባዶውን ወደ ገጠር መውጣት አለበት። ከሰዓት ሰዉን መልሶ ካደረሰ በኋላም ባዶውን ይመለሳል። ግማሹ ጉዞ ያለ ገቢ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ነዳጁን፣ ጎማውን፣ በኮረኮንች የሚሰበረውን ባሌስትራ ጨምሩበት። እዚያው ከተማው ውስጥ፣ ከሳቢያን ሰፈር ከዚራ ሰፈር ቢመላለስ ይሻለዋል። ማንም አይፈርድበትም።

ስለዚህ ከመንገዱ ስፋት እኩል መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፦ መኪናው የት ያድራል? ገጠር ካደረ ጠዋት ሞልቶ ይወርዳል፣ ማታ ሞልቶ ይመለሳል። ባዶው ጉዞ ይጠፋል። ግን መኪና ዝም ብሎ አያድርም። የሚያድርበት ግቢ፣ ጥበቃ፣ ሹፌሩ የሚያርፍበት ቤት ያስፈልጋል። የቀበሌው ልጅ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ እዚያው ቢያሽከረክር ደግሞ ግማሹ ችግር አለቀ። ለአዲስ መንገድ ከሚወጣው ገንዘብ አንጻር ይህ ከቁጥር የሚገባ ወጪ አይደለም። የሚገርመኝ በዕቅድ ሰነድ ላይ አንድ መስመር እንኳ አለማግኘቱ ነው።

የመልሱን ጭነትም አስቡበት። ስኳር፣ ዘይት፣ የተፈጨ ዱቄት፣ ማዳበሪያ ከከተማ ወደ ገጠር ይሄዳል። ይህን የሚያከፋፍለው ማኅበር ለብቻው አይሱዙ ከሚከራይ፣ ከሰው ማመላለሻው ጋር ሊስማማ ይችላል።

በቢሮ ሰዓት ማቀድ

የድሬ ሥራ የሚያልቀው በጠዋት ነው። ሙቀቱ ሳይበረታ ሰው ጉዳዩን ይጨርሳል። ቀትር ላይ ሱቁም ሰዉም ያሸልባል፤ ከዚያ በርጫ፣ የጫት መቃሚያው ሰዓት፣ ይመጣል። ከፊራ ገበያ የሚሸጥ የገጠር ሰው ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ነው የሚደርሰው። ጥናት የሚያጠናው ባለሙያ ግን ቁርሱን በልቶ፣ ሦስት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ቆሞ ተሳፋሪ ይቆጥራል። የሚቆጠረው ሰው ያኔ ገበያ ውስጥ ነው። ሪፖርቱ ላይ «የተሳፋሪ ፍላጎት ዝቅተኛ» ተብሎ ይጻፋል።

ቆጠራው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት መጀመር አለበት፤ ያውም መናኸሪያ ሳይሆን ከከተማው መግቢያ ላይ።

ሰዓት አከባበር ማየት የሚፈልግ የጫት መኪና ይመልከት። ከአወዳይ የተነሳ ጫት ሳይጠወልግ መድረስ ስላለበት አጫጫኑም፣ አነሳሱም፣ አደራረሱም በደንብ የተቆረጠ ነው። ይህን ፕሮግራም ያወጣ ቢሮ የለም፤ ገበያው ነው ያወጣው። (ፍጥነታቸውን አልመክርም። በኩርባ ላይ ያገኛቸው ሰው ያውቃል።)

የተሳፈረውን ብቻ መቁጠር

ድሬና ሐረር ዙሪያ ብዙ ዕቃ የሚጓዘው በአህያ፣ በግመልና በሴቶች ጀርባ ነው። ይህ በቆጠራ ውስጥ ስለማይገባ በዕቅድም አይገባም። መንገዱ ሲሰፋ ዳር ዳሩ የነበረው የእግረኛ መሄጃ ይበላል። አህያዋ አስፋልት ላይ ትወጣለች። ቀጥሎ ተጠያቂዋ ራሷ አህያዋ ትሆናለች፤ «ትራፊክ አወከች» ይባላል።

ጁገልን፣ በግንብ የታጠረችውን የድሮዋን ሐረር፣ ተመልከቱ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። የተሠሩት ለሰውና ለጭነት ከብት ነው። ውስጥ ያሉት ጠባብ መንገዶች አብዛኞቹ መኪና አያስገቡም፤ ማስገባትም አይገባቸውም። በሸዋ በር ወይም በኤረር በር ከገጠር የመጣ ሰው ዕቃውን አራግፎ በእግሩ ይገባል። እንደዚህ ያለ ቦታ የሚያስፈልገው በሩ አጠገብ የአህያ ማሰሪያ፣ ውሃ፣ ጥላ እና ዕቃ ማራገፊያ ነው። ፓርኪንግ ሲባል የአራት ጎማ ብቻ አድርጎ ማሰብ ልማድ ሆኖብናል።

ደረቁን ወንዝ መንገድ አድርጎ መቁጠር

ድሬን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፦ ዝናቡ የሚዘንበው ላይ፣ ደጋው ላይ ነው። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ታች አሸዋው ላይ ውሃ ሊመጣ ይችላል።

ከተማው ቢያንስ ድልድይ አለው። ገጠር ያሉት እንደ ደቻቱ ያሉ የአሸዋ ወንዞች ግን የሚታለፉት በእነሱ ላይ በመሄድ ነው፤ ቢበዛ ውሃው በላዩ የሚያልፍ ዝቅ ያለ የሲሚንቶ መሻገሪያ ይኖራል። ዕቅዱ የሚዘጋጀው ደግሞ በበጋ ነው። ባለሙያው በበጋ ያልፋል፣ ደህና መንገድ ነው ብሎ ይመዘግባል። እዚህ ዝናብ በሁለት ወቅት ነው፤ በበልግም በክረምትም። መንገዱ የሚቋረጥባቸው ወራት ጥቂት አይደሉም።

ድልድይ ሁሉ ቦታ አይሠራም፤ ገንዘቡ የለም። ግን ያለ ድልድይም የሚታቀድ ነገር አለ። ላይ ደጋው ላይ ጎርፍ ሲነሳ ማን ለማን ይደውላል? ስልኩን የሚያነሳው ሰው ማነው? መሻገሪያው ዳር ጥልቀት የሚያሳይ ቀለም የተቀባ ምሰሶ አለ? ተሳፋሪ ውሃው እስኪጎድል የሚጠለልበት ቦታ አለ? በዝናብ ወራት አምቡላንሱ ከወንዙ በየትኛው ወገን ይቆማል? የመጨረሻውን በደንብ አስቡት። ምጥ የያዛት ሴት ወዲያ ማዶ፣ አምቡላንሱ ወዲህ ማዶ ከሆነ፣ የተሠራው መንገድ በሙሉ ለዚያች ሌሊት የለም።

ሹፌሩንም እንዳትረሱት። ገቢው በምልልስ ነው። «ውሃው እስኪያልፍ ጠብቅ» ማለት «የዛሬን ገቢህን ተው» ማለት ነው፤ ስለዚህ ይደፍራል። የሹፌሮቹ ማኅበር ለጠበቀ ሹፌር ተራውን ካስጠበቀለት የሚደፍረው ይቀንሳል።

ለሁሉም ባጃጅ ማለት

ለድሬ ሜዳ ባጃጅ ተወዳዳሪ የለውም። ግን ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 በላይ። በመካከል የደንገጎ ዳገት አለ። ከከተማው ወደ ደጋው የሚወጡ ቀበሌዎች በባጃጅ ይሸፈናሉ ብሎ መጻፍ ሞተሩንም ተሳፋሪውንም መፍጀት ነው።

ተሽከርካሪ ሲመረጥ ቅርብ ያለ ጋራዥ የሚያውቀው ይሁን። የሐረር ፔዦ 404 ታክሲዎች ያን ሁሉ ዓመት የቆዩት መካኒኩ እየቀጠለ ስላኖራቸው ነው። አሁን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ወሬው ሁሉ ኤሌክትሪክ ሆኗል። ይሁን፤ ግን መብራት የሌለበት ቀበሌ የሚያድረው መኪና በምን ይሞላል?

ባቡሩን መፍትሔ አድርጎ መጠበቅ

የድሮው ባቡር ሽንሌም፣ አዲጋላም፣ አይሻም ይቆም ነበር። ሰው ከነወተቱና ከነፍየሉ ይሳፈርበት ነበር። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ ነገር ነው፤ ዋናው ሥራው ከወደብ የሚመጣና ወደ ወደብ የሚሄድ ጭነት ነው። ጣቢያውም ከከተማው ውጭ ነው። ባቡሩ አለ ተብሎ ከጣቢያ ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ቀበሌ ያለው ጉዞ ካልታቀደ፣ የወረደው መንገደኛ በኮንትራት ታክሲ እጅ ይወድቃል።

«መንገድ ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ

አዎ ይሏችኋል። ማን አልፈልግም ይላል? ይልቅ «ባለፈው መድረስ ፈልጋችሁ የቀራችሁት የት ነው? ለምን?» በሉ። ይህን ሴቶቹን ለብቻቸው ጠይቁ። ከሰዓት በኋላ የተጠራ ስብሰባ ላይ የሚገኙት መቃም የጀመሩ ወንዶች ናቸው፤ ሐሳባቸው ብዙ ነው፣ ውሃ የሚቀዱት ግን እነሱ አይደሉም።

ታሪፍን በኪሎ ሜትር ብቻ ማስላት

የአስፋልት ኪሎ ሜትርና የኮረኮንች ኪሎ ሜትር አንድ አይደለም። የማያዋጣ ታሪፍ ሲወጣ ሹፌሩ ወይ መስመሩን ይተወዋል ወይ ረዳቱ እጥፍ ይጠይቃል፤ ተሳፋሪው ከሁለት ያጣ ይሆናል። ዋጋው ጎርፉ መንገዱን ከቦረቦረ በኋላ፣ መስከረም ላይ ታይቶ ይስተካከል። ሲወጣም መናኸሪያ በር ላይ በአማርኛ ለጥፎ መሄድ አይበቃም። የገጠሩ ተሳፋሪ የሚሳፈረው ከቀበሌው ነው፤ የሚያወራውም ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ነው። እዚያው፣ በቋንቋው ይጻፍለት። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ይነገር።