በስም ሲፈለጉ የማይገኙ የሠራተኛ ማኅደሮች፦ ችግሩ እንዴት ተፈታ

የሠራተኞችን የግል ማኅደር ከወረቀት ወደ ፖስትግሬስ የመረጃ ቋት ካዛወርን በኋላ፣ ስካን ተደርጎ የገባ ማኅደር በስም ሲፈለግ «አልተገኘም» ይል ጀመር። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበው ሠራተኛ «ሀይሉ» ተብሎ ከተፈለገ የለም ማለት ነው።

በመጀመሪያ የስካኑ ጥራት መስሎን ገጾቹን ደግመን አነሳን፤ ምንም አልተለወጠም። ቀጥሎ የመዝገብ ቤት ባልደረቦች በአንድ ዓይነት ሆሄ እንዲጽፉ ተስማማን፤ ነገር ግን ባለጉዳዩ ስሙን በለመደው ፊደል ስለሚጽፍ አልያዘም። የተመዘገበውን ስም ራሱን ማረም ደግሞ ፈጽሞ የሚደገፍ አይደለም፤ ስም በቅጥር ደብዳቤው ላይ እንደሰፈረ መቆየት አለበት።

የሠራው፣ ዋናውን ስም ሳይነኩ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ መጨመር ነው። በዚህ ዓምድ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነሰባት ድምፃቸው ይለወጣሉ፤ ይህም አንዱን ፊደል በሌላ በሚተካው የፖስትግሬስ «ትራንስሌት» ተግባር 35 ፊደላትን መዘርዘር ይጠይቃል። ይህን ጨርሰንም «ኃይሉ» አሁንም አልተገኘም፤ ምክንያቱም ኃ ወደ ሃ ተለውጦ «ሃይሉ» ሆኖ ነበር። ኃ፣ ሓ እና ሃ በቀጥታ ወደ ሀ፣ ዓ እና ኣ ደግሞ ወደ አ እንዲሄዱ ሲደረግ ተገኘ። «ኃይለ ሥላሴ» እና «ኃይለሥላሴ» እንዳይለያዩም ክፍት ቦታውን አስወገድን።

ፈላጊው የሚጽፈው ቃልም በዚያው ለውጥ ማለፍ አለበት፤ አለበለዚያ ዓምዱ ብቻውን አይጠቅምም። ከቅጂ 12 ጀምሮ ፖስትግሬስ ዓምዱን ራሱ እያሰላ ስለሚይዘው፣ አዲስ ማኅደር በገባ ቁጥር የሚጨመር ሥራ የለም።