በጃንጎ የተጠቃሚ መግቢያና ፓስወርድ ስታዋቅሩ ልትጠነቀቁባቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጃንጎ (በፓይተን ድረ ገጽ የሚሠራበት ማዕቀፍ) ገና ሲጫን የመግቢያ ሥርዓት ይዞ ይመጣል። ፓስወርድ ሃሽ ያደርጋል (ወደ ነበረበት ወደማይመለስ ጽሑፍ ይቀይራል)፣ ደካማውን አልቀበልም ይላል፣ ለረሳ ሰው በኢሜይል ሊንክ ይልካል። ችግሩ የሚጀምረው ለአገራችን ተጠቃሚ እንዲስማማ ብለን ስንነካካው ነው። የኛ ሰው በአብዛኛው በኢሜይል ሳይሆን በስልክ ቁጥሩ ነው መግባት የሚፈልገው። ለዚያ ብለን አንዱን ክፍል ስንቀይር፣ ከበስተጀርባ ይጠብቀን የነበረ ሌላ ክፍል ድምፁን ሳያሰማ ሥራውን ያቆማል። የሌሎችን ኮድ ስመረምርም የራሴን መልሼ ሳይም ደጋግሜ ያገኘኋቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

የተጠቃሚውን ሞዴል ለነገ ማሳደር

ብዙዎች ጃንጎ በሰጠው የተጠቃሚ ሞዴል (የተጠቃሚው መረጃ በዳታቤዝ እንዴት እንደሚቀመጥ በሚገልጸው ኮድ) ይጀምራሉ። ከሦስት ወር በኋላ ደንበኛው «በስልክ ይግቡ» ሲል ዳታቤዙ ሞልቷል፤ ሌሎቹ ሠንጠረዦች ሁሉ ከተጠቃሚው ሠንጠረዥ ጋር ተያይዘዋል። ያኔም መቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን ማይግሬሽኖቹን (የዳታቤዙን አወቃቀር የሚቀይሩትን ፋይሎች) በእጅ ማቃናት ይጠይቃል፣ አድካሚም ነው። የመጀመሪያውን ማይግሬሽን ከማስኬዳችሁ በፊት የራሳችሁን ሞዴል ፍጠሩ። ለጊዜው ምንም ባትጨምሩበትም ግድ የለም።

ስልክ ቁጥርን እንደተጻፈ መቀበል

አንዱ በ09 ይጀምራል፣ ሌላው በ+251፣ ሌላው የመደመር ምልክቱን ትቶ በ251፤ በመሃል ክፍት ቦታ የሚያስገባም አለ። ለዳታቤዙ እነዚህ አራት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስትመዘግቡም ሲገቡም ቁጥሩን መጀመሪያ ወደ አንድ ቅርጽ አምጡት፤ በአንዱ ቦታ ብቻ ማድረግ ከነጭራሹ ካለማድረግ ይብሳል። በ09 የሚጀምረውን ብቻ የሚቀበል የቆየ ኮድ ካላችሁ ደግሞ በ07 የሚጀምሩትን የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደንበኞች በር ላይ ይመልሳቸዋል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚገባ ወገን የሚጠቀምበት አገልግሎት ከሆነ 251ን ግዴታ አታድርጉት።

የተጠቃሚ ስም በፊደላችን እንዲጻፍ ከፈቀዳችሁም ተመሳሳይ ጣጣ አለ። ጃንጎ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ»ን ሦስት የተለያዩ ስሞች አድርጎ ይቀበላል። ለአንባቢ ግን አንድ ናቸው፤ ሌላውን መስሎ ለመታየት ለሚፈልግ ሰው ይመቻሉ። ስሙን ሰውየው እንደጻፈው አስቀምጡ፤ ተይዟል አልተያዘም ብላችሁ ስታጣሩ ግን ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ አምጥታችሁ አነጻጽሩ።

ፓስወርዱን ሃሽ ሳያደርጉ ማስቀመጥ

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ማንም አውቆ አያደርገውም። ጃንጎ ፓስወርድ ሃሽ የሚያደርገው «ክሪኤት ዩዘር» ወይም «ሴት ፓስወርድ» የተባለው ትእዛዝ ሲጠራ ነው። ተራውን «ክሪኤት» ከጠራችሁ የተጻፈው እንዳለ ዳታቤዝ ይገባል። በጃንጎ ሬስት ፍሬምወርክ ኤፒአይ (ሌሎች ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ የስልክ መተግበሪያ፣ የሚገናኙበትን በር) የሚሠሩ ሰዎች በተለይ እዚህ ይወድቃሉ፤ የመጣውን መረጃ ወደ ዳታቤዝ የሚያስገባው ሞዴል ሲሪያላይዘር በነባሪ የሚጠራው ተራውን ነውና።

ምልክቱ ግልጽ ነው። ሰውየው በትክክል ይመዘገባል፤ ሊገባ ሲሞክር ግን ፓስወርዱ ልክ አይደለም ይባላል፤ ጃንጎ ሃሽ ሲጠብቅ ተራ ጽሑፍ ያገኛል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ ሲገባ የሚቸኩል ሰው የራሱን ማነጻጸሪያ ይጽፋል፦ የገባው ጽሑፍ ከተቀመጠው ጋር እኩል ከሆነ አስገባው። ይሠራል! እንዲህ የተሠራ የአንድ ድርጅት ሥርዓት እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ሠንጠረዡን ስከፍት የመቶዎች ሰዎች ፓስወርድ ፊት ለፊቴ ተደረደረ፤ የልጅ ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ የሰፈር ስም። ያንኑ ፓስወርድ በኢሜይላቸውም የሚጠቀሙ ብዙ እንደሚኖሩ አሰብኩና ገጹን ቶሎ ዘጋሁት። በ2009 እ.ኤ.አ. ሮክዩ ከተባለው ድርጅት ከ32 ሚሊዮን በላይ ፓስወርዶች የተሰረቁት እንዲሁ ሃሽ ሳይደረጉ ተቀምጠው ነው። ዝርዝሩ እስከ ዛሬ የሰርጎ ገቦች መሞከሪያ ነው።

እዚያው ሲሪያላይዘር ላይ ሳላችሁ የፓስወርዱን መስክ ለመጻፍ ብቻ አድርጉት፤ ካልሆነ በምላሹ ተመልሶ ይወጣል።

ስለ ሃሽ ካነሳን፣ የጃንጎን ነባሪ ሃሽ ቢክሪፕት በተባለው ሌላ የሃሽ ዓይነት የምትተኩ ከሆነ ተጠንቀቁ። ቢክሪፕት የሚያየው የመጀመሪያዎቹን 72 ባይቶች ብቻ ነው። የኛ ፊደል እያንዳንዱ በዩቲኤፍ 8 (ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ደንብ) ሦስት ባይት ስለሚወስድ 24 ፊደል ላይ ያበቃል ማለት ነው። አርጎን2 የተባለውን ሃሽ ምረጡ፤ ቢክሪፕት የግድ ካስፈለገም ፓስወርዱን ቀድሞ ሻ256 በተባለ ሌላ ሃሽ የሚያሳልፈውን የጃንጎ ዓይነት ተጠቀሙ።

ማረጋገጫዎቹ ይሠራሉ ብሎ ማመን

ደካማ ፓስወርድ የሚከለክሉት ማረጋገጫዎች የሚሠሩት በጃንጎ ፎርሞች በኩል ሲመጣ ነው። በራሳችሁ ኤፒአይ «ክሪኤት ዩዘር»ን ስትጠሩ ማንም አይመረምርም፤ ምርመራውን ራሳችሁ መጥራት አለባችሁ።

ሌላም የተደበቀ ነገር አለ። ፓስወርዱ ከተጠቃሚው መረጃ ጋር መመሳሰሉን የሚያየው ማረጋገጫ በነባሪ የሚያውቀው የተጠቃሚ ስምን፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ስምንና ኢሜይልን ብቻ ነው። በሞዴላችሁ ውስጥ ያላገኘውን ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ የስልክና የአባት ስም መስክ ከጨመራችሁ በዝርዝሩ ላይ አስገቧቸው። የተለመዱ ፓስወርዶችን የያዘው የ20,000 ቃላት ዝርዝርም የኛን አገር ልማድ አያውቅም፤ የአገር፣ የከተማና የእግር ኳስ ክለብ ስሞችን ከቁጥር ጋር ያቀፈ የራሳችሁን ፋይል ማዘጋጀት ይቻላል።

በየ90 ቀኑ ቀይሩ ማለቱን ግን ተዉት። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየርንም፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል ከምልክት ጋር ቀላቅሉ ማለትንም አይደግፍም። ሰው መጨረሻው ላይ ያለውን 1 ወደ 2 ነው የሚለውጠው።

በኤስኤምኤስ የሚላክ ባለ አራት አሃዝ ኮድ

ኢሜይል የሌለው ተጠቃሚ ፓስወርዱን ሲረሳ ኮድ በኤስኤምኤስ እንልካለን። ይህን ጃንጎ ስላልሠራልን በእጃችን እንጽፈዋለን። አራት አሃዝ 10,000 ዕድል ብቻ ነው፤ በሰከንድ 100 የሚሞክር ፕሮግራም በ100 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ስድስት አሃዝ አድርጉት፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ይቆይ፣ ከአምስት የተሳሳተ ሙከራ በኋላ ኮዱ ይሙት። ቁጥሩን በፓይተን «ራንደም» አታውጡ፤ የሚገመት ነው፤ ለዚህ የተሠራው «ሲክሬትስ» አለ። «ይህ ቁጥር አልተመዘገበም» የሚል መልስም አትስጡ። ማን ደንበኛችሁ እንደሆነ ለጠየቀ ሁሉ እየተናገራችሁ ነው።

የሙከራ ገደብ አለመኖር፣ ወይም በተሳሳተ ቦታ መኖር

ጃንጎ የመግቢያ ሙከራን አይገድብም። ብዙዎች ለዚህ ጃንጎ አክሲስ የተባለውን ተጨማሪ ጥቅል ይጨምራሉ፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን በነባሪ የሚቆልፈው በአይፒ አድራሻ ነው። በሞባይል ዳታ ብዙ ሰው አንድ አድራሻ ሊጋራ ስለሚችል አንዱ ሲሳሳት ሌላው ይዘጋበታል። ሰርቨራችሁ ከኤንጂንኤክስ (ጥያቄዎችን ቀድሞ ተቀብሎ ወደ ጃንጎ ከሚያሳልፍ ፕሮክሲ) በስተጀርባ ሆኖ የፕሮክሲው ቅንብር ካልተስተካከለ ደግሞ ሁሉም ተጠቃሚ ከ127.0.0.1፣ ማለትም ከሰርቨሩ ከራሱ፣ የመጣ ይመስላል፤ በጣት የሚቆጠሩ የተሳሳቱ ሙከራዎች አገልግሎቱን በሙሉ ይቆልፉታል። በአይፒና በተጠቃሚ ስም ጥምረት ይቆለፍ።

ሴሽንን ለሁለት ሳምንት ክፍት መተው

የጃንጎ ሴሽን (ተጠቃሚው አንዴ ከገባ በኋላ እንደገባ የሚቆይበት ሁኔታ) በነባሪ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ብሮውዘር ቢዘጋም አይጠፋም። ኢንተርኔት ካፌ ገብቶ ውጤቱን አይቶ የሄደ ተማሪ ወንበሩን ለሚቀጥለው ሰው ከነአካውንቱ ለቀቀለት ማለት ነው። «አስታውሰኝ» የሚለውን ካልመረጠ ብሮውዘሩ ሲዘጋ ሴሽኑ እንዲያበቃ አድርጉ፤ የሴሽን ኩኪውም (ብሮውዘሩ ሴሽኑን የሚያስታውስበት ትንሽ መረጃ) በኤችቲቲፒኤስ ብቻ እንዲላክ የሚያደርገውን ቅንብር አብሩት፤ በነባሪ ጠፍቶ ነው የሚመጣው።